ዓይን የማያየው ሸቀጥ፤ ስለ ናኖቴክኖሎጂ ሕግና ደንብ ለነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

ንግድ ከጥንት ጀምሮ በመስፈሪያና በሚዛን ሲካሄድ የኖረ ሥራ ነው። እህሉ በቁና፣ ቡናው በፈረሱላ፣ ጨርቁ በክንድ፣ ወርቁም በወቄት እየተለካ ሻጭና ገዢ ሲተማመኑ ኖረዋል። በመስፈሪያው ላይ ክርክር በተነሣ ጊዜ ዳኛው ቁናውን አስመጥቶ በዓይኑ አይቶ ሊፈርድ ይችል ነበር። በዘመናችን ግን ዓይን ሊያየው፣ እጅም ሊዳስሰው የማይችል እጅግ ረቂቅ ነገር በሸቀጥ ውስጥ ገብቶ ከወደብ ወደ ወደብ ይዘዋወራል። መንግሥታትም ስለዚሁ ነገር ልዩ ልዩ ሕግና ደንብ አውጥተዋል። ይህን ሳያውቅ የሚነግድ ሰው አንድ ቀን ዕቃው ከወደብ ሊመለስበት፣ መቀጫ ሊከፍል ወይም ሳያስበው ደንበኛውን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ናኖቴክኖሎጂ የሚባለው ጥበብ ምን እንደ ሆነና የሌሎች አገሮች ሕግ ስለ እርሱ ምን እንደሚል ለአስመጪዎች፣ ለላኪዎችና ለባለሱቆች በአጭሩ ለማስረዳት ይህን ጽሑፍ አቅርበናል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት የኢትዮጵያ ናቸው ተብሎ ካልተገለጠ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እናሳስባለን።

1ኛ/ ናኖ ማለት ምን ማለት ነው?

ናኖ የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ትርጓሜው ድንክ ማለት ነው። አንድ ሜትር ለ1,000,000,000 እኩል ቢከፈል አንዱ ክፍል ናኖሜትር ይባላል። በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ 1,000,000 ናኖሜትር ይገኛል። የሰው የራስ ጠጉር ውፍረት ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖሜትር ያህል ነው ሲባል ነገሩ ምን ያህል ረቂቅ እንደ ሆነ መገመት ይቻላል። በወፍጮ የተፈጨ በርበሬ ምንም እጅግ ቢልም ቅንጣቱ ከ100 ናኖሜትር በብዙ እጅ ይበልጣል።

ሪቻርድ ፋይንማን የተባሉት አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1959 በካሊፎርኒያ ባደረጉት ንግግር፣ ሰው ቁስን እስከ አተም መጠን ድረስ አሳንሶ ሊሠራ እንደሚችል አመለከቱ። ናኖቴክኖሎጂ የሚለውን ስም ደግሞ በ1974 የተጠቀሙበት ኖሪዮ ታኒጉቺ የተባሉ ጃፓናዊ ሊቅ ናቸው። ዛሬ ይህ ጥበብ ከመማሪያ ቤት ወጥቶ በፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ በቀለም፣ በጎማ፣ በጨርቅ፣ በምግብ ማሸጊያና በመድኃኒት ውስጥ ገብቷል።

አንድ ቁስ ሲያንስ ጠባዩ ስለ ምን ይለወጣል? ምሳሌውን ከጓዳችን እንውሰድ። አሞሌ ጨው እንዳለ በወጥ ውስጥ ቢጣል ለመሟሟት ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ ያው አሞሌ ተወቅጦ ሲጨመር ግን ወዲያው ይሟሟል። የጨመረው የጨው ብዛት አይደለም፤ ከውኃው ጋር የሚገናኘው የገጹ ስፋት ነው። እያንዳንዱ ጐኑ 1 ሴንቲሜትር የሆነ ኩብ ጠቅላላ ገጹ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ይኸው ኩብ ጐናቸው 1 ናኖሜትር ወደ ሆነ ኩቦች ቢከፋፈል የሁሉም ገጽ ተደምሮ 6,000 ካሬ ሜትር፣ ማለት ከግማሽ ሄክታር የሚበልጥ ስፋት ይሆናል። ክብደቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ በሚዛን ረገድ አንድ የሆነ ዕቃ በጠባዩ ሌላ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ወርቅ በዚህ መጠን ሲደቅ ቢጫነቱን ትቶ ቀይ ሆኖ ይታያል። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚባለው ነጭ የቀለም ዱቄትም እጅግ ሲረቅቅ ነጭነቱን ትቶ ብርሃን አሳላፊ ይሆናል፤ በፀሐይ መከላከያ ቅባት ውስጥ የተፈለገውም ፊትን ሳያነጣ የፀሐይን ጐጂ ጨረር ስለሚመልስ ነው።

2ኛ/ ሕግ ያስፈለገበት ምክንያት

ስለ ዕቃዎች የወጡት የቀድሞ ሕጎች የተመሠረቱት በሁለት ነገሮች ላይ ነበር፤ እነዚህም የዕቃው ስምና ክብደቱ ናቸው። የአንድ ኬሚካል ስም ከተፈቀዱት መዝገብ ላይ ከተገኘ ነጋዴው ያስገባዋል፤ ክብደቱ ከተወሰነው ልክ ካላለፈም ማስታወቅ አይገደድም። ናኖቴክኖሎጂ ግን ሁለቱንም መሠረቶች አናጋ። ስሙ ያው ሆኖ ጠባዩ ይለወጣል፤ ጥቂት ግራምም የብዙ ኪሎን ሥራ ይሠራል።

የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር ከምሕንድስና አካዳሚው ጋር በ2004 ባወጣው መግለጫ፣ በናኖ መጠን የተሠሩ ቅንጣቶች እንደ አዲስ ኬሚካሎች ተቈጥረው እንዲመረመሩ አሳሰበ። በ2008 ደግሞ በስኮትላንድ የሚገኙ ተመራማሪዎች ረዣዥምና ቀጥ ያሉ የካርቦን ናኖቲዩቦች በአይጦች ሆድ ውስጥ ሲገቡ አስቤስቶስ ከሚያመጣው ጋር የሚመሳሰል ጉዳት እንዳደረሱ ገለጡ። አስቤስቶስ በመላው ዓለም እንደ መልካም የሕንፃ ዕቃ ሲሸጥ ኖሮ ጉዳቱ በብዙ ሰዎች ሳንባ ላይ ከታየ በኋላ በብዙ አገሮች መከልከሉ የታወቀ ነው። መንግሥታት ሳይዘገዩ ሕግ ለማውጣት ከተነሡባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው መራራ ትዝታ ነው።

ይህም ሲባል ናኖ የተባለው ሁሉ መርዝ ነው ማለት አይደለም። ከማገዶ ጭስ ውስጥ እንኳ በዚህ መጠን የሚለኩ ቅንጣቶች ይገኛሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2014 ባወጣው መመሪያ ናኖቴክኖሎጂን በጅምላ ጐጂ ነው ወይም ጐጂ አይደለም ብሎ እንደማይፈርድና እያንዳንዱን ዕቃ ለየብቻው እንደሚመረምር አስታውቋል። ለነጋዴም የሚበጀው መንገድ ይኸው ነው።

3ኛ/ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ

የአውሮፓ ኮሚሽን ጥቅምት 18 ቀን 2011 ለናኖ ቁስ ትርጓሜ ሰጠ። በዚህ ትርጓሜ መሠረት በአንድ ቁስ ውስጥ ካሉት ቅንጣቶች በቍጥር ከመቶ 50 ወይም ከዚያ በላይ የሆኑት ቢያንስ በአንድ ጐናቸው ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ከሆኑ ቁሱ ናኖ ይባላል። ትርጓሜው በ2022 ታድሷል፤ ዋናው ልክ ግን እንዳለ ቀርቷል። ልብ ሊባል የሚገባው የሚቈጠረው የቅንጣቶቹ ብዛት እንጂ ክብደታቸው አለመሆኑ ነው።

ስለ ልዩ ልዩ ሸቀጦች የወጡት ዋና ዋና ደንቦች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ/ የመዋቢያ ቅባቶች፤ በ2009 የወጣው ደንብ ከሐምሌ 2013 ጀምሮ ሥራ ላይ ሲውል፣ በቅባቱ ውስጥ ናኖ ቁስ ካለ በመያዣው ላይ ከቁሱ ስም ቀጥሎ ናኖ የሚለው ቃል በቅንፍ እንዲጻፍ አዘዘ። እንዲህ ያለው ቅባትም ለገበያ ከመቅረቡ 6 ወር አስቀድሞ ለኮሚሽኑ እንዲታወቅ በአጠቃላይ ያስገድዳል። ለፀሐይ መከላከያ የሚሆኑት ናኖ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድና ናኖ ዚንክ ኦክሳይድ እያንዳንዳቸው ከቅባቱ እስከ መቶ 25 እጅ ሲፈቀዱ፣ ወደ ሳንባ ሊገባ በሚችል በሚረጭ መልክ ግን አይፈቀዱም። በ2024 በወጣው ተጨማሪ ደንብ ደግሞ ናኖ ወርቅ፣ ናኖ ፕላቲነም፣ ናኖ መዳብና ሌሎችም በመዋቢያ ውስጥ እንዳይገቡ ተከልክለዋል። ወርቅ ያለበት የፊት ቅባት እያለ የሚያስተዋውቅ ነጋዴ ይህን ሊያስተውለው ይገባል።

ለ/ ምግብ፤ ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ ሆን ተብሎ የተሠራ ናኖ ቁስ በምግብ ውስጥ ሲገባ ይኸው ናኖ የሚለው ቃል በማሸጊያው ላይ ይጻፋል። ከጥር 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ ደግሞ እንዲህ ያለውን ምግብ እንደ አዲስ ምግብ ስለሚቈጥረው አስቀድሞ ፈቃድ ሳይገኝ ሊሸጥ አይችልም።

ሐ/ ጀርምና ተባይ ገዳይ ነገሮች፤ ከመስከረም 2013 ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ፣ አንድ ኬሚካል ስለ ተፈቀደ ብቻ የናኖ ዓይነቱም ተፈቅዷል ማለት እንዳልሆነ ይደነግጋል። ደንቡ በእነዚህ ኬሚካሎች የተነከሩትን ልብስ፣ ጫማና ቆዳ ጭምር ይመለከታል።

መ/ ኬሚካሎች በጠቅላላው፤ ሪች በሚባለው የአውሮፓ ሕግ መሠረት በዓመት 1 ቶንና ከዚያ በላይ ኬሚካል የሚሠራ ወይም የሚያስመጣ ሁሉ ማስመዝገብ አለበት። ከጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮ የናኖ ዓይነቱ ተለይቶ ከነመጠኑ፣ ከነቅርጹና ከነገጹ ጠባይ እንዲገለጥ ታዟል። የዚህ ሕግ መሠረታዊ ሐሳብ መረጃ የሌለው ዕቃ ገበያ የለውም የሚል ነው።

4ኛ/ የፈረንሳይ መዝገብ

የፈረንሳይ መንግሥት የአውሮፓው ሕግ ብቻ አይበቃም ብሎ ከጥር 2013 ጀምሮ የራሱን መዝገብ ከፈተ። በዚህ መዝገብ በዓመት ከ100 ግራም ጀምሮ ናኖ ቁስ የሠራ፣ ያስመጣ ወይም ለሌላ ነጋዴ ያከፋፈለ ሰው የቁሱን ስም፣ ብዛቱንና የሚውልበትን ሥራ በየዓመቱ እስከ ግንቦት 1 ቀን ያስታውቃል። ቤልጅግና ዴንማርክም ቈይተው የየራሳቸውን መዝገብ አቋቁመዋል።

በአንድ ቶንና በ100 ግራም መካከል ያለውን ልዩነት እናስብ፤ አሥር ሺህ እጅ ነው። በአንዱ ሕግ የሚናቅ ብዛት በሌላው ሕግ ያስጠይቃል። ስለዚህ ወደ አውሮፓ የሚልክ ነጋዴ የኅብረቱን ሕግ ብቻ ሳይሆን ዕቃው የሚራገፍበትን አገር ሕግ ጭምር መጠየቅ አለበት።

5ኛ/ የአሜሪካ ሕግ፤ በማሸጊያ ላይ የተጻፈ ቃል ዋጋ

አሜሪካ ለናኖ ብቻ የተለየ ትልቅ ሕግ ከማውጣት ይልቅ ነባሮቹን ሕጎች በአዲሱ ነገር ላይ መተርጐምን መርጣለች። በ2003 የወጣው ሕግ ለምርምሩ ገንዘብና አመራር የሚሰጥ ነው። ስለ ቍጥጥሩ ግን የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት በ1976 በወጣው የመርዛማ ቁሶች ሕግ ላይ ተመሥርቶ በ2017 ደንብ አወጣ፤ በዚህም ደንቡ የሚመለከታቸውን ናኖ ቁሶች የሚሠሩና የሚያስመጡ ሁሉ አንድ ጊዜ ዝርዝር መግለጫ እንዲሰጡ፣ አዲስ የሚጀምር ከሆነም 135 ቀን አስቀድሞ እንዲያስታውቅ አዘዘ።

ለባለሱቅ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን በ2008 የተፈጸመው ነገር ነው። አንድ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ለኮምፒዩተር የሚሆኑ የእጅ መሣሪያዎችን ሲሸጥ፣ በናኖ ቅብ የተለበጡ ስለ ሆኑ ጀርም ይከላከላሉ ብሎ አስተዋወቀ። በአሜሪካ ሕግ ጀርም ይገድላል ተብሎ የሚሸጥ ነገር እንደ ጸረ ተባይ መድኃኒት ተቈጥሮ አስቀድሞ መመዝገብ አለበት። ኩባንያው ይህን ስላላደረገ 208,000 ዶላር ተቀጣ። ያው ዕቃ ያለዚያ ማስታወቂያ ተሽጦ ቢሆን ኖሮ በዚህ ሕግ ባልተጠየቀበት ነበር። ያስቀጣው ቃሉ ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ በማሸጊያ ላይ የታተመ ቃል ተመልሶ አይለቀምም።

6ኛ/ ስሙ ኖሮ ነገሩ ሲታጣ

በመጋቢት 2006 በጀርመን አገር የመታጠቢያ ቤት መስተዋትና ሸክላ ለማጽዳት የሚረጭ፣ በስሙ ናኖ የሚል ቃል ያለበት አንድ ዕቃ ለገበያ ቀረበ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ መቶ የሚጠጉ ሰዎች የመተንፈስ ችግር እንደ ደረሰባቸው አስታወቁ፤ ከእነርሱም ውስጥ ሳንባቸው ውኃ ቋጥሮ ሆስፒታል የገቡ ነበሩ። ዕቃው ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ጋዜጦችም ናኖቴክኖሎጂ ሰው ጐዳ ብለው ጻፉ። የጀርመን መንግሥት የአደጋ መርማሪ ተቋም ነገሩን ሲያጣራ ግን በዕቃው ውስጥ ናኖ ቅንጣት ጨርሶ እንዳልነበረ ተገኘ።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ ናኖ የሚለው ስም ሲኖር ነገሩ ላይኖር ይችላል፤ ስሙን ለጌጥ ብቻ የሚጠቀሙበት አሉ። ሁለተኛው፣ አንድ ነጋዴ በከንቱ የተጠቀመበት ስም በሙያው የሠለጠኑትን ሁሉ ያሳማል። ታይዋን ይህን ተገንዝባ በ2004 በእውነት የናኖ ጥበብ ላለበት ዕቃ ተመርምሮ የሚሰጥ የምስክር ምልክት አወጣች፤ ታይላንድም ተመሳሳይ ምልክት አላት። እንግዲህ ያው ቃል በአውሮፓ ገዢው እንዲያውቀው በግድ የሚጻፍ ማስታወቂያ ሲሆን በእስያ ተመርምሮ የሚገኝ የክብር ምልክት ሆኗል።

7ኛ/ የነጩ ዱቄት ነገር

ሕግ እንዴት ሊለዋወጥ እንደሚችል ለማሳየት ቀደም ብለን ወደ ጠቀስነው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ እንመለስ። ይህ ዱቄት በአውሮፓ ኢ 171 በሚል መለያ ለማስቲካ፣ ለከረሜላና ለኬክ ማንጫ ሆኖ ለብዙ ዘመን ሲሠራበት ኖሯል። ፈረንሳይ ከጥር 2020 ጀምሮ በምግብ ውስጥ መግባቱን አገደች። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በግንቦት 2021 ባወጣው ውሳኔ፣ ዱቄቱ በሰው የዘር ንጥረ ነገር ላይ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል የሚለውን ሥጋት ፈጽሞ ማስወገድ ስላልተቻለ ለምግብ ደኅና ነው ሊባል አይችልም አለ። በጥር 2022 ኅብረቱ ከለከለው፤ ነጋዴዎችም እስከ ነሐሴ 2022 ብቻ ጊዜ ተሰጣቸው።

የሚያስገርመው ይህ ዱቄት በትርጓሜው መሠረት በሙሉ ናኖ የሚባል አልነበረም፤ ከቅንጣቶቹ በናኖ መጠን የሚገኙት ቢበዛ እስከ ግማሽ ያህሉ ነበሩ። ጥያቄውን ካስነሡት ነገሮች አንዱ ግን እነዚሁ ረቂቅ ቅንጣቶች ናቸው። በሌላ በኩል የአሜሪካ ደንብ ይህንኑ ዱቄት ከምግቡ ክብደት ከመቶ 1 እጅ እስካልበለጠ ድረስ ለረጅም ዘመን ሲፈቅድ ኖሯል። ስለዚህ አንድ የከረሜላ ሣጥን በአንዱ ወደብ በደኅና ሲያልፍ በሌላው ወደብ ሊታገድ ይችላል። ትናንት የተፈቀደ ዛሬም የተፈቀደ ነው ብሎ ያለ ምርመራ የሚጭን ነጋዴ በመርከብ ኪራይና በመጋዘን ክፍያ ጭምር ይከስራል።

8ኛ/ የአፍሪካ ድምፅ

በዚህ ነገር አፍሪካ ዝም ብላ አልተመለከተችም። በመስከረም 2008 በዳካር በተደረገው የኬሚካል ደኅንነት ዓለም አቀፍ ስብሰባ ላይ በወጣው መግለጫ፣ አገሮች ከአደጋው ለመጠበቅ ሲሉ የተሠሩ ናኖ ቁሶችን የመቀበል ወይም ያለመቀበል መብታቸው እንዲከበር ተጠይቋል። በ2012ም በናይሮቢ በተደረገው የኬሚካል አስተዳደር ጉባኤ ላይ ጉዳዩ ከዓለም አቀፉ የሥራ ዕቅድ ጋር ተያይዟል።

መብት ግን ዕውቀት ካልተጨመረበት በወረቀት ላይ ይቀራል። አንድ አገር ወደ ወደቧ የሚደርሰው ዕቃ ምን እንዳለበት ሳታውቅ ልትቀበለውም ሆነ ልትመልሰው አትችልም። በእኛም አገር በ2006 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል። ናኖ ያልሆነውን ናኖ ነው፣ ያልተመረመረውንም ጀርም ገዳይ ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው የአሜሪካና የአውሮፓ ሕግ ባይደርስበት እንኳ ከአገሩ ሕግ አያመልጥም።

9ኛ/ ነጋዴው ሊያደርገው የሚገባ

ላኪ የሆነ ነጋዴ፣ በተለይ ያለቀለት ቆዳ፣ ጫማና ልብስ የሚልክ፣ ለማለስለሻ፣ ለቀለምና ሽታ ለመከላከል የሚጠቀምበት ኬሚካል ምን እንዳለበት ከሻጩ ይጠይቅ። ናኖ የብር ማዕድን ያለበት ጸረ ጀርም ከሆነ የአውሮፓው ገዢ መጠየቁ አይቀርምና መልሱ አስቀድሞ በመዝገብ ቤት ይገኝ።

አስመጪ የሆነ ነጋዴ መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይቀበል። ባለሱቅም በዕቃው ላይ ከተጻፈው የበለጠ ነገር አይናገር፤ የሚረጩ ነገሮችንም አየር በማይገባበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ለገዢ እያሳየ አይሞክር። ለአስመጪዎች ይረዳ ዘንድ የደብዳቤ ናሙና ከዚህ በታች ቀርቧል።

«ይድረስ ለ… ኩባንያ። ከድርጅታችሁ ለመግዛት ያሰብነውን … የተባለውን ዕቃ በሚመለከት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በጽሑፍ እንድትመልሱልን በአክብሮት እንጠይቃለን።
1/ በዕቃው ውስጥ መጠኑ ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር የሆነ፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ቅንጣት አለን?
2/ ካለ የኬሚካሉ ስምና ከመቶ ያለው እጅ ስንት ነው?
3/ ይህ ቅንጣት በየትኛው አገር፣ በየትኛው ሕግ መሠረት ተመዝግቧል ወይም ተፈቅዷል?
4/ በማሸጊያው ላይ የተገለጠው ጥቅም በየትኛው ላቦራቶሪ ተመርምሮ ተረጋግጧል?
5/ ለሠራተኞቻችን የሚያስፈልገው ጥንቃቄ የተጻፈበት የደኅንነት ሰነድ ከዕቃው ጋር ይላካልን?
ወደፊት የዕቃው አሠራር ቢለወጥ ከመጫኑ አስቀድማችሁ እንድታስታውቁን እያሳሰብን፣ መልሳችሁን እንጠባበቃለን።»

ለዚህ ደብዳቤ የሚሰጠው መልስ ከዕቃ ዝርዝሩና ከባንክ ወረቀቱ ጋር በአንድ ፋይል ይቀመጥ። ክርክር በተነሣ ጊዜ ነጋዴው ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረጉን የሚያስረዳለት ይኸው ወረቀት ነው። መልስ የማይሰጥ ወይም አድበስብሶ የሚመልስ ሻጭ ቢያጋጥም፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ ሌላ ሻጭ መፈለግ ይሻላል።

በማጠቃለያው፣ ስለ ናኖቴክኖሎጂ የወጡት ሕጎች ከአገር አገር ቢለያዩም ሁሉም ከነጋዴው የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም የሚሸጠውን እንዲያውቅና ያወቀውን ለገዢው እንዲነግር ነው። ይህ ደግሞ ለእኛ ነጋዴዎች አዲስ ትምህርት አይደለም። አባቶቻችን ማሩን ሲሸጡ ሰፈፉን፣ ቅቤውን ሲሸጡ አተላውን ያልደበቁት በገበያ ውስጥ ስማቸው ተከብሮ ኖሯል። ዛሬ ልዩነቱ የሚደበቀው ነገር በዓይን የማይታይ መሆኑ ብቻ ነው። ገዢው ሊያየው ስለማይችል በነጋዴው ቃል ላይ ያለው እምነት ይበልጥ ይከብዳል፤ ነጋዴውም ይህን እምነት ከሸቀጡ ሁሉ አብልጦ ሊጠብቀው ይገባል።